ስንፈተ ወሲብ ብዬ የደበቅኩት ሕመም ሌላ ስም ነበረው

በደሴ ከተማ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ የሰው አቤቱታ መጻፍ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እኛን ራፖር ጸሐፊ ይሉናል። የውርስ፣ የድንበር፣ የቀለብና የፍቺ ጉዳይ በየቀኑ ይመጣል፤ ባለጉዳዩ በቁጣም በእንባም ያወራል፣ እኔ ፍሬ ነገሩን ለቅሜ በወረቀት አሰፍራለሁ። «ተጠሪ የባልነት ግዴታውን መወጣት አልቻለም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በፍቺ ማመልከቻ ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት ቁጥሯን አላውቀውም፤ ከበስተኋላዋ ምን እንዳለ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። አርባ አራት ዓመት ሲሆነኝ ያቺው ዓረፍተ ነገር የእኔ ሆነች። የሌላውን ሰው ገመና በሁለት ገጽ የምጨርስ ሰው የራሴን ለማንም ሳልተነፍስ ዓመት ከስድስት ወር ያህል ቆየሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሠራኋቸው ስህተቶች ሕይወቴን ሊያሳጡኝ ደርሰው ስለነበር፣ ሌላው ሰው በእኔ መንገድ እንዳይሄድ ብዬ እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

ችግሩ የጀመረው በአንድ ሌሊት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ከከተማ ወጥቼ ነበር፤ ስንመለስ ቤታችን ተበርብሮ፣ የምሠራባት ኮምፒውተርም ሄዳ ጠበቀን። ያንን ዓመት ሥራ አጥቼ፣ እንቅልፍ አጥቼ፣ ዕዳ ገብቼ አሳለፍኩት። በ2015 ዓ.ም. ኑሮው መልክ ሲይዝ ሰውነቴ ግን አብሮ አልተመለሰም። መጀመሪያ የብልቴ ጥንካሬ በግንኙነት መሃል ይላላ ጀመር፤ ከዚያ አንዳንድ ቀን ጭራሹን እምቢ አለ፤ ቆይቶም ጎህ ሲቀድ ከእንቅልፌ ስነቃ የማውቀው መቆም እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ፍላጎቴ አልቀነሰም ነበር፤ ነገሩን መራራ ያደረገውም ይኸው ነው። ለራሴ የሰጠሁት ማብራሪያ «ድንጋጤው ነው፣ ስረጋጋ ይመለሳል» የሚል ነበር። ለጥቂት ሳምንታት ቢሆን ኖሮ ማብራሪያው ልክ ነበር፤ ድካምና ሐሳብ ማንንም ወንድ አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርጉታል። ሐኪሞች ስንፈተ ወሲብ የሚሉት ግን ለግንኙነት የሚበቃ መቆም ማግኘት ወይም ይዞ መቆየት አለመቻሉ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲዘልቅ ነው። የእኔ ሦስተኛ ወሩን ካለፈ ቆይቶ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት እነሣ ነበር። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህን ከብርዱ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ከጦሳ ተራራ ጉሙ በወረደበት ሌሊት ሽንት ቤት ድረስ መሄድ ስለሚከብደኝ ከጓሮው ግድግዳ ሥር እሸና ነበር። አንድ ጠዋት ባለቤቴ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ፣ «እዚህ ግድግዳ ሥር ጉንዳኑ ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የሚተራመሰው?» አለች። ሄጄ አየሁት። እንደ ቀጭን ጥቁር ክር ከድንጋዩ ሥር ይወጣና፣ እኔ ሌሊት የቆምኩባት እርጥብ ቦታ ላይ ሲደርስ ይበተናል። ልጆቹ ከረሜላ ጥለው ይሆናል ብዬ አመድ ነሰነስኩበት። ቀን ቀን ከጠረጴዛዬ ሥር የሁለት ሊትር ውኃ አይጠፋም፤ ከባለጉዳይ ጋር የምጠጣው ሻይ ደግሞ በሦስት ማንኪያ ስኳር ነው። ከፍርድ ቤት እስከ ቤቴ ያለችውን አቀበት በባጃጅ እወጣታለሁ እንጂ በእግሬ አልሞክራትም፤ ክብደቴም 91 ኪሎ ደርሷል። እነዚህ ሁሉ ከብልቴ ጉዳይ ጋር ይገናኛሉ ብዬ ለአፍታም አላሰብኩም።

የመጀመሪያው ትልቅ ስህተቴ መድኃኒት ማቋረጤ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ራስ ምታት አስቸግሮኝ ጤና ጣቢያ ስሄድ የደም ግፊቴ ከፍ ማለቱ ተነግሮኝ፣ ሽንት የሚያበዛ የግፊት ኪኒን ታዞልኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጫት ላይ ተቀምጠን አንዱ ወዳጃችን «የግፊት ኪኒን ወንድነት ይገድላል» ሲል ሰማሁ፤ ማንንም ሳላማክር በማግስቱ አቆምኩት። ወሬው ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም፤ የጎዳኝም ግማሽ እውነት ስለነበረበት ነው። ኋላ ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ታያዛይድ የሚባሉት ሽንት አብዢ መድኃኒቶች፣ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ የልብ ምት የሚያረጋጉ ኪኒኖች፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ እንዲሁም ለድባቴ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች የብልት መቆምን ሊያውኩ ይችላሉ። ነገር ግን ያልታከመ ግፊት ራሱ የደም ሥሩን ግድግዳ እያደደረና እያጠበበ የበለጠ ጉዳት ያደርሳል፤ መድኃኒቱ ካልተስማማ ደግሞ በሌላ የሚቀየርበት መንገድ ሞልቷል። እባካችሁ፣ የጠረጠራችሁትን መድኃኒት ይዛችሁ ወዳዘዘላችሁ ሰው ተመለሱ እንጂ ከቤታችሁ ሆናችሁ አትፍረዱበት።

ሁለተኛው ስህተቴ ዝምታው ነው። እኛ ወሎዬዎች በፍቅር ጨዋታ አንታማም፤ በሠርጉም በገበያውም በግጥምና በዜማ እናወርደዋለን። ጓዳ ውስጥ ሲገባ ግን አፋችን ይታሰራል። እኔ ማታ ማታ ሥራ አለብኝ ብዬ አመሻለሁ፤ ስገባ ወገቤን አሞኛል እላለሁ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁ እመስላለሁ። ባለቤቴ ስድስት ወር ያህል ታግሣ አንድ ሌሊት በጨለማው ውስጥ፣ «ሌላ ሰው ካለህ ንገረኝ። ከሰው አፍ ከምሰማው ካንተው ልስማው» አለችኝ። እውነቱን መናገር ያለብኝ ያን ጊዜ ነበር። እኔ ግን «የምን ሌላ ሰው!» ብዬ ጮኼባት፣ ጋቢዬን ይዤ ሳሎን ተኛሁ። የሌላት ጥፋት እንዳለባት፣ ውበቷ እንዳለቀና እንደተጠላች እያሰበች ስንት ሌሊት እንዳሳለፈች ያወቅኩት ከዓመት በኋላ ነው፤ ከሠራሁት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም ይኸኛው ነው።

ከዚያ በኋላ የሄድኩበት መንገድ ብዙ ሰው የሚሄድበት ነው። አክስቴ ከፊቴ መክሳት ተነሥታ «ተደግሞብህ ነው» አለች፤ ወደ ባቲ በሚወርደው መንገድ ዳር ሥራሥር ከሚቀምም ሰው ዘንድ ሄጄ በማር እየተለወሰ የሚበላ ሦስት ጥቅል ዱቄት ገዛሁ። ከሁለት ሳምንት ተቅማጥ በቀር ያተረፍኩት የለም። ዱቄቱ ውስጥ ምን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም። በተለያዩ አገሮች «የተፈጥሮ መድኃኒት» እየተባሉ ከሚሸጡ እንዲህ ያሉ ነገሮች ውስጥ ሳይነገር የተቀላቀለ የፋብሪካ መድኃኒት በላቦራቶሪ ምርመራ መገኘቱን ስሰማ ግን እንኳንም በተቅማጥ ብቻ አለፈ ብያለሁ። እናቴ በበኩሏ ምን እንደሆንኩ ሳታውቅ «ልጄ ጤና አጣ» ብላ ወዳጃ፣ ማለትም የዱዓ ጉባኤ፣ አስቀመጠችልኝ። ዱዓው ካለቀ በኋላ አንድ አረጋዊ ሸህ ወደ ጥግ ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ የለም። ዱዓው ከእኛ፣ መመርመሩ ካንተ» አሉኝ። እጃቸውን ስሜ «እሺ አባባ፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ» አልኩና አላደረግኩም። ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ የመጀመሪያው ትክክለኛ ምክር እሳቸው የሰጡኝ ነበር።

ከዚያ የመጣው ብልት ያቆማል የሚባለው ኪኒን ነው። ዘመድ ሠርግ ላይ ዋልን፤ ሥጋው ጮማ ነበር፣ እኔም አልሰሰትኩም። ወደ ማታ ከአንድ የማውቀው ሰው እጅ፣ ያለ ሐኪም ማዘዣና ያለ ምንም ጥያቄ፣ ብርማ መጠቅለያ ውስጥ ያለ ባለ 100 ሚሊ ግራም ኪኒን ሁለት ፍሬ ገዛሁ። አንዱን ውጬ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። የጮማ ምግብ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበትን ጊዜ እንደሚያዘገየው፣ ኪኒኑም ቢሆን ፍላጎትና መቀራረብ ካልታከለበት በራሱ እንደማይሠራ አላውቅም ነበር። ሁለተኛውን ደገምኩ። ብዙ ሳይቆይ ፊቴ እንደ ምድጃ ጋለ፣ ጭንቅላቴ ይመታ ጀመር፣ አምፖሉ ዙሪያውን ሰማያዊ ሆኖ ታየኝ፣ ደረቴንም ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ባለቤቴ ከጎረቤት ባጃጅ አስነሥታ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ድንገተኛ ክፍል አደረሰችኝ።

እዚያ የሆነውን ባጭሩ ማለፍ አልችልም። ተረኛው ሐኪም ደረቴን ስለያዝኩ ልብ ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ነርሷ ምላስ ሥር የሚቀመጥ ትንሽ ኪኒን ይዛ ቀረበች። ሐኪሙ «አባት፣ ዛሬ የወሰዱት ሌላ መድኃኒት አለ?» ሲል ጠየቀኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማለች። «የለም» አልኩ። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ «የለም» አልኩ። ያን ጊዜ ባለቤቴ የጨበጠችውን እጇን ዘረጋች። የካርድ ገንዘብ ፍለጋ ኮቴን ስትፈትሽ ያገኘቻቸው ሁለቱ ባዶ ብርማ መጠቅለያዎች መዳፏ ላይ ነበሩ። ነርሷ እጇን መለሰች። ሐኪሙ መጠቅለያውን በመብራቱ አነበበና ምንም ሳይቆጣ፣ ለደረት ውጋት ምላስ ሥር የሚሰጠው የናይትሬት መድኃኒትና ሲልዴናፊል የሚባለው የዚህ ኪኒን ቅመም በአንድ ሰው ደም ውስጥ ሲገናኙ የደም ግፊትን በድንገት አውርደው ሊገድሉ እንደሚችሉ፣ ሲልዴናፊል ከተወሰደ በኋላም ቢያንስ 24 ሰዓት ናይትሬት እንደማይሰጥ ነገረን። ባለቤቴ ሁሉንም ከሰማች በኋላ ወደ እኔ ዞራ፣ «ስለዚህ ነበር?» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። እኔም በራሴ ነቀነቅኩላት።

ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራ የድንገተኛ ልብ ሕመም ምልክት አላሳየም። የደም ግፊቴ ግን ያንን ሁሉ ኪኒን ውጬ እንኳ ከፍ ያለ ነበር፤ ከጣቴ ጫፍ የተወሰደው ደም ደግሞ ስኳሬ 312 መሆኑን ተናገረ። ሰኞ በባዶ ሆድ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም እንድመለስ ቀጠሩኝ።

ቅዳሜና እሑድ ያሰብኩት ስለ ስኳሩ አልነበረም፤ ሐኪሙ ፊት ቁጭ ብዬ ያንን ነገር በአፌ እንዴት እንደማወጣው ነበር። በመጨረሻ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ፤ በግማሽ ገጽ ጻፍኩት። መቼ እንደጀመረ፣ በድንገት ይሁን ቀስ በቀስ፣ ጠዋት ጠዋት መቆም መኖር አለመኖሩን፣ ፍላጎቴ እንዴት እንደሆነ፣ የወሰድኳቸውንና ያቋረጥኳቸውን መድኃኒቶች፣ ዱቄቱንም ኪኒኑንም ሳልደብቅ ዘርዝሬ ሰኞ ጠዋት ለሐኪሙ አቀበልኩት። አንብቦ ሲጨርስ ፈገግ ብሎ «ሁሉም ሰው እንዲህ ጽፎ ቢመጣልኝ» አለ። ማፈር ለሚያስቸግራችሁ ሁሉ ይህንን አጥብቄ እመክራለሁ። «ወገቤን አሞኛል» ብላችሁ ጀምራችሁ እጀታውን ይዛችሁ ልትወጡ ስትሉ ዋናውን ነገር ከምታነሡ፣ ወረቀቷን አስቀድሙ።

የምርመራው አብዛኛው ክፍል ጥያቄ መሆኑ ገረመኝ። አምስት ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ ሞላሁ፤ ከ25 ነው የሚቆጠረው፣ 22 እና ከዚያ በላይ ጤናማ ነው፣ የእኔ 9 ሆኖ «መካከለኛ» ከሚባለው ውስጥ ገባ። ደረጃ ስወጣ ደረቴን ይወጋኝ እንደሆነ፣ ስተኛ አንኮራፋ እንደሆነ፣ ማጨሴን፣ መጠጣቴን፣ ጫት መቃሜን፣ ከባለቤቴ ጋር እንዴት እንደሆንን ጠየቀኝ። ጤናማ ወንድ ተኝቶ እያለ፣ በተለይ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል፣ በአንድ ሌሊት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ያህል ብልቱ እንደሚቆም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ስለዚህ ነገሩ በድንገት ጀምሮ፣ ጠዋት ጠዋት ወይም ብቻውን ሲሆን የሚሠራ፣ ከሚስቱ ጋር ሲሆን ግን እምቢ የሚለው ሰው መንስኤው በአብዛኛው ሐሳብ፣ ጭንቀት ወይም የትዳር ቅሬታ ሊሆን ይችላል። እንደ እኔ ቀስ በቀስ መጥቶ የጠዋቱንም ጭምር የወሰደበት ደግሞ በመጀመሪያ የደም ሥሩን፣ ነርቩን፣ ሆርሞኑን ያስመርምር። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተደርበው እንደሚመጡም ነገረኝ፤ አካሉ አንድ ጊዜ ሲከዳ፣ «ዛሬም ቢከዳኝስ?» የሚለው ፍርሃት ሁለተኛውን ራሱ ይሠራዋል።

ከዚያ አልጋው ላይ አውጥቶ ግፊቴን ለካ፤ 172 በ106። ብልቴን፣ ቆለጤን፣ ደረቴን ፈተሸ፤ በእግሬ ላይ የደም ሥር ምት ፈለገ። ቀጥሎ ሹካ የመሰለች ብረት አውጥቶ በመዳፉ መታትና እየነዘረች ሳለ እጀታዋን በእግሬ አውራ ጣት አጥንት ላይ አስደገፋት። «መንዘሯ ሲያቆም ንገረኝ» አለ። ጥቂት ቆይቼ «ቆመች» አልኩ። ወዲያው አንሥቶ የእጄ አንጓ ላይ አደረጋት። አልቆመችም፤ እንደ ንብ ትነዝራለች። ምንም አልተናገርንም፤ ሁለታችንም ገብቶናል። ከእግሬ ጣት ወደ ላይ የሚወጡት ነርቮች እኔ ሳላውቅ መደንዘዝ ጀምረው ነበር።

የላቦራቶሪው ውጤት የቀረውን ተናገረ። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር 208 ሲሆን፣ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ከተረጋገጠ ስኳር ሕመም ይባላል። «የሦስት ወር ስኳር» የምንለው ደግሞ 9.4 በመቶ ነበር፤ የስኳር ሕመም ወሰኑ 6.5 ነው። ኮሌስትሮሌም ከፍ ብሏል፤ ኩላሊቴ ደህና ነበር። ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን በጠዋት ደም ሰጥቼ አስለካሁት፤ ይህ ሆርሞን ጠዋት ከፍ ብሎ ከሰዓት ስለሚወርድ ከጠዋቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ቢለካ ይመረጣል፤ ዝቅ ብሎ ቢገኝም በሌላ ቀን ጠዋት ሳይደገም አይፈረድም። የእኔ ደህና ነበር። የብልት ደም ሥር አልትራሳውንድ ላንሣ ብዬ ብጠይቅ፣ ያ ምርመራ አደጋ ለደረሰበት ወጣት ወይም ቀዶ ሕክምና ለሚታሰብለት ሰው እንጂ ለሁሉም እንደማያስፈልግ ነገረኝ። ውድ ምርመራ ሁሉ የተሻለ ምርመራ አይደለም፤ የእኔን ጉዳይ የፈታው ርካሹ የስኳርና የግፊት ልኬት ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ሁለት ቱቦ ሣለልኝ። ብልት የሚቆመው ከአእምሮና ከነርቭ በሚመጣ መልእክት የደም ሥሮቹ ሲላሉ፣ ሁለት ስፖንጅ መሳይ ክፍሎች በደም ሲሞሉ፣ የሞላውም ደም መውጫው ተጨቁኖ ሲያዝ ነው። ወደ ብልት ደም የሚያደርሱት ሥሮች ስፋታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልብን የሚመግቡት ግን ከ3 እስከ 4። ስኳር፣ ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ የሁሉንም ደም ሥር የውስጥ ሽፋን እኩል ቢያበላሹት፣ ቀድሞ የሚታወቀው በጠባቡ ቱቦ ነው። በዚህ ምክንያት በብዙ ሰው ላይ ስንፈተ ወሲቡ ከልብ ሕመሙ ምልክት ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ቀድሞ ይታያል። «ይኼ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አንተ ማስጠንቀቂያውን ዝም ለማሰኘት ነው ኪኒን የገዛኸው» አለኝ። ብቻዬን የሆንኩ መስሎኝ እንደነበር ስነግረው ደግሞ፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ከ1987 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 70 የሆኑ 1,709 ወንዶች ተጠይቀው ሙሉ መልስ ከሰጡት መካከል 52 በመቶ የሚሆኑት በተለያየ ደረጃ ይህ ችግር እንደነበረባቸው አጫወተኝ። እኔ በደሴ ብቸኛው ወንድ ነኝ ብዬ ስቆዝም፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከጎኔ ተሰልፈን ከምንቀመጠው ራፖር ጸሐፊዎች መካከል እንኳ ብቻዬን አለመሆኔን አሁን እጠረጥራለሁ።

ሕክምናው ከስኳሩና ከግፊቱ ተጀመረ። ሜትፎርሚን ለስኳሩ፣ አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ለግፊቱ፣ ሌላም ለኮሌስትሮሉ ታዘዘልኝ፤ እነዚህ የግፊት መድኃኒቶች ብልት መቆምን እምብዛም አያውኩም። ስኳር ከሻዬ ወጣ። ለወሎ ሰው ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ቀላል ቅጣት እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊቴን አጨፍግጌ ጠጣሁት፣ በሦስተኛው ለመድኩት። አቀበቷን በእግሬ መውጣት ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ሦስት ቦታ አርፍ ነበር፣ አሁን አላርፍም። ጫቱንም ተውኩት፤ ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ከማድረጉ በላይ እንቅልፌን ይነሣኝ ነበር። ሐኪሙ ጾም ሲደርስ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ሳናስተካክል ረመዳንን እንዳልጀምር አስጠንቅቆኝ ነበርና፣ ከጾሙ ወር ተኩል ቀድሜ ሄጄ አስተካክለናል። ስኳር ላለበት ክርስቲያን ወንድሜም ለሁዳዴ ይኸው ምክር ይሠራል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ልቤ ለግንኙነት ድካም ብቁ መሆኑን አረጋግጦ፣ ያንኑ ሲልዴናፊልን በ50 ሚሊ ግራም አዘዘልኝ። ስሙ ያው ነው፤ አወሳሰዱ ግን ሌላ ነው። ከግንኙነት አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ፣ ሆድ በጮማ ሳይሞላ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ ያልበለጠ። የናይትሬት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፈጽሞ አይነካውም። ደረት ሲወጋ ድንገተኛ ክፍል ቢኬድ መጀመሪያ የሚነገረው «ይህን ኪኒን ወስጃለሁ» የሚለው ነው። ብልት ቆሞ ከአራት ሰዓት በላይ ካልተመለሰ ሳይታፈር ወዲያው ሆስፒታል ይኬዳል። የሚገርመው፣ ይህ መድኃኒት መጀመሪያ ሲጠና ለልብ ደም ሥር መጥበብ ታስቦ ነበር፤ በአሜሪካ ለዚህ ችግር የተፈቀደው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች አልሆኑልኝም። ሐኪሙ ስድስት ሰባት ጊዜ ሳይሞከር «አልሠራልኝም» ማለት እንደማይገባ አስቀድሞ ባይነግረኝ ኖሮ እዚያው ላይ ተስፋ ቆርጬ ወደ ዱቄቱ እመለስ ነበር።

ያ ሁሉ ሲሆን ባለቤቴ ከሁለተኛው ቀጠሮ ጀምሮ አብራኝ ትገባ ነበር። ይዣት የሄድኩት ሐኪሙ ስላለኝ እንጂ በራሴ ጀግንነት አይደለም። ገብታ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «በእኔ ምክንያት ነው?» የሚል ነበር። ሐኪሙ የሁለቱን ቱቦ ሥዕል ለእሷም ሣለላት። ስትወጣ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ እስካሁን ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር ተቀምጧል። «አብሽር፣ ስኳር ብቻ ነው እኮ» ትለኛለች አንዳንድ ቀን፣ ሌላ ሴት ከመሆኑ ስኳር መሆኑ ደስ ብሏት። ሐኪሙ ከእሷ ጋር ሆነን አንድ ወር ያህል ግንኙነትን ዓላማ ሳናደርግ እንድንቀራረብ መክሮን ነበር፤ ፍርሃቴን ያስወጣልኝ ከኪኒኑ ይልቅ ይኸኛው ይመስለኛል።

በስምንተኛው ወር 82 ኪሎ ሆንኩ፤ የሦስት ወር ስኳሬ ወደ 6.9፣ ግፊቴ ወደ 132 በ82 ወረደ፤ አምስቱን ጥያቄ ደግሜ ስሞላ 19 አገኘሁ። ድሮ እንደነበርኩት ሆኛለሁ አልልም፤ አንዳንዴ ያለ ኪኒን ይሆናል፣ አንዳንዴ በኪኒንም አይሆንም። የእግሬ ጣት አሁንም ሹካዋን በደንብ አይሰማትም። ስለዚህ ማታ ማታ እግሬን በመስታወት አያለሁ፣ በባዶ እግሬም ጓሮ አልወጣም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት የፍቺ ማመልከቻ ልታስጽፍ መጣች። ከኩታበር መንገድ ናት፤ ባሏ ዓመት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደሚተኛ፣ ሌላ ሴት እንዳለችው እንደማትጠራጠር ነገረችኝ። እንደ ወትሮዬ «ተጠሪ» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። «እህቴ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት ይነሣል?» አልኳት። ጥያቄው ግራ ገባትና በጣቷ ቆጠረች፤ «አራት፣ አንዳንዴም አምስት» አለች። ውኃ ይጠጣ እንደሆነ፣ የደም ግፊት መድኃኒት ጀምሮ ትቶ እንደሆነ ጠየቅኳት። ከዚያ ማመልከቻውን ትቼ በንጹሕ ወረቀት ላይ «በባዶ ሆድ ስኳር፣ የሦስት ወር ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል» ብዬ ጽፌ፣ ቁርስ ሳይበላ ጠዋት ይዛው እንድትሄድ ሰጠኋት። የጽሕፈቱን ልትከፍል መሐረቧን ስትፈታ አልቀበልም አልኳት፤ ማመልከቻው ገና አልተጻፈማ።